ማበጠሪያ ሆኗል ያልኩት ፊልም

ጁን 5፣ እሑድ
ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ አዴሊያ ናት። እናቷ በፌብሩዋሪ ከሞተች ወዲህ አፌ ተዘግቷልና፣ ለሰው የማትነግረውን ለወረቀት ንገረው አለችኝ። ለወረቀትም የምነግረው የለኝም። የምጽፈው ደብተሩ ባዶውን እንዳይቀር ነው።

ፊደል ያስተማረችኝ ቤልሚራ ናት። እንደተጋባን፣ ክረምት ላይ፣ ትሪ ላይ ጨው በትና በጣቴ ታስጽፈኝ ነበር። ስሳሳት በመዳፏ ትደመስሰዋለች። ጽሑፌ ቢንጋደድ የሚስቅ ይሳቅ። በጨው ላይ የተማረ እጅ ብዕር አይመቸውም።

የጨው ኩሬዎቹን ጠርጌ ጨዋማውን የሐይቅ ውኃ አስገባሁ። ዘንድሮ ብቻዬን ነኝ። ካዚሚሮ ከጎን ካለው ኩሬው ሆኖ፣ አንተ ሽማግሌ፣ ጨዉን ተውና ራስህን ፀሐይ ላይ አድርቅ ይለኛል። እሱ ራሱ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ሰባ ሞልቶታል።

ጁን 9
ነፋሱ ከሰሜን። ደረቅ። ደግ ነው። ጉልበቴን ያመኛል።

ጁን 13፣ የቅዱስ አንቶኒዮ ዕለት
ከሊዝቦን አንዲት ሴት መጣች። ዶና ግራሲንዳ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ ተቆርጣለች። ሥራዋ የጠፉ ፊልሞችን መፈለግ ነው አለች። ይህም ሥራ ሆኗል። ግን ጫማዋን አውልቃ በጭቃው መጣች። ይህን ወደድኩላት፤ አልነገርኳትም።

የምትፈልገው ያንን ነው። «የጨው ሙሽራ»ን። በ1922 በጋ ከፖርቶ መጥተው እዚሁ ኩሬዎቹ ላይ ያነሱትን፣ ድምፅ የሌለውን የፍቅር ፊልም። ከፖርቶ ያመጧት ተዋናይት በባዶ እግሯ ጨው ላይ መራመድ አቃታት። ቅርጫቱን ራሷ ላይ ቢጭኑላት ሦስት እርምጃ ሳትሄድ አለቀሰች። ዳይሬክተሩ ጨው ተሸካሚዎቹን ሴቶች አሰልፎ አየና አንዷን መረጠ። ቤልሚራን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እጮኛዬ ነበረች።

በአገሩ ሁሉ አንድ ቅጂ እንኳ አልተገኘም አለች ዶና ግራሲንዳ። ጋሼ ዜፈሪኖ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ ብላ ቆማ ቀረች። ማበጠሪያ ሆኗል አልኳት። ሐሰት አይመስልም፤ የሚናገር ፊልም ሲመጣ የድሮውን ፊልም ማበጠሪያና የልብስ ቁልፍ ሠሪዎች እየሰበሰቡ አቅልጠውታል። ይህን የማያውቅ የለም።

ለቤልሚራም ያልኳት ይህንኑ ነበር።

ጁን 19፣ እሑድ
አዴሊያ ከከተማ መጣች፣ የሐይቅ ዓሣ ወጥና የበቆሎ ዳቦ ይዛ። ስለ ሊዝቦኗ ሴት ሰምታለች። እማዬን ወጣት ሳሉ አይቻቸው አላውቅም አለች። እውነቷን ነው። ያለን አንድ ፎቶ የመታወቂያው ነው፤ ሃምሳ ዓመቷ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ ግብር ሊያስከፍሏት የመጡ ይመስል ተኮሳትራ።

ከዚያ ሳህኑን እያነሳች፣ አባዬ፣ የምትነግረኝ ነገር የለህም አለችኝ። ጉልበቴ ደህና ነው አልኳት። ስለ ጉልበትህ አልጠየቅኩህም አለች። ጮኽኩባት። ሳህኖቹን እያንኳኳች አጥባ ሄደች።

እናቷ ብትኖር «ዝቅ አድርገው፣ አንተ ግትር» ትለኝ ነበር። ድምፄ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ዕድሜ ልኳን፣ የምትለኝ ይህንኑ ነበር። ደግሞም ዝቅ አደርገው ነበር።

ጁን 25
ትናንት የቅዱስ ዮሐንስ በዓል። ሰፈሩ መንገድ ላይ ሳርዲን ጠበሰ። ካዚሚሮ ከጠጣ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት የድሮውን አነሳ። ይሄ ዜፈሪኖ የሚሉት፣ አለ፣ እጮኛውን ሌላ ሰው ሲስማት መብራት ይዞ ያበራ ብቸኛው ወንድ ነው። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ባልስቅ ኖሮ የባሰ ነበር።

መብራት አልነበረም። የፀሐይ መመለሻ ነው። ብርማ ወረቀት የተለጠፈበት ትልቅ ሳንቃ ሰጥተው ፀሐዩን ወደ ፊታቸው እንድመልስ ቀጠሩኝ። ከሳንቃው ጀርባ ቆሜ የማየው እግራቸውን ብቻ ነበር። የእሷ እግር ጨው የላጠው። የእሱ ነጭ ጫማ። ተዋናዩ ኪንቴላ ይባላል፣ ከፖርቶ፣ ፂሙ እንደ ድመት ጅራት የሚያበራ።

ፊልሙ ከተማ የታየ ዕለት ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ። ግማሹን። ሰዎች ሲያፏጩ፣ የዜፈሪኖ ሙሽራ ሲሉ ወጣሁ። መጨረሻውን አላየሁም።

ጁን 30
መጀመሪያውን ጨው ሰበሰብኩ። ነጭ። ወገቤ አልተቃናም።

ጁላይ 3፣ እሑድ፣ ዝናብ
ትናንት ጎተራው ውስጥ ጨዉ አልቦት ነበር፤ ዝናብ እንደሚመጣ ያኔውኑ አወቅኩ። ጨው ከሰው ቀድሞ ዝናብ ያሸታል። የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ላብ ያወጣል። ይሄው ዘነበ። የአሥር ቀን ጨው ውኃ ሆነ። ሥራ የለም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ፊልሙ ማበጠሪያ አልሆነም።

በ1931 የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ሴኞር ቶርካቶ የድሮ ፊልሞቹን ለማበጠሪያ ሠሪው ሊሰጥ ከበር አውጥቶ ቆልሎ ነበር። ቤልሚራ ሰምታ፣ ሂድና አስቀርልኝ፣ አንድ ቀን ልጃችን ታየዋለች አለችኝ። ሄድኩ። አንድ ጀልባ ጨው ሰጥቼ ስድስቱንም ጥቅልል ወሰድኩ። ክብ ክብ ቆርቆሮ ናቸው፣ እንደ ዳቦ። ወደ ቤት ሳልመጣ በጀልባ ወደ ጎተራው ቀዘፍኩ። ለሷ ግን፣ ዘገየሁ፣ ማበጠሪያ ሠሪው ቀድሞኝ ወስዶታል፣ ይሄኔ ማበጠሪያ ሆኗል አልኳት። ልጄ ያንን ሰው እናቷን ሲስም እንድታይ አልፈለግኩም። ይህ ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው።

ላቃጥለው አስቤ ነበር። አልቻልኩም። ጎተራው ውስጥ ጥጉ ላይ የማይሸጥ አሮጌ ጨው አለ። ሁላችንም እንዲያ እንተዋለን፤ የጎተራው እናት እንለዋለን፣ እሱ ከተነሳ የሚመጣው ዓመት ጨው አይዝም ይባላል። እዚያ ውስጥ ቀበርኩት። ከጨው የተሻለ ጠባቂ የለም። ዓሣው፣ የአሳማው ሥጋ፣ ሁሉም በጨው ይከርማል።

ለቤልሚራ በማግስቱ ከገበያ ማበጠሪያ ገዛሁላት። ለምን እንደገዛሁ አላውቅም። በየጠዋቱ ፀጉሯን ስታበጥር፣ ይሄኔ እኔም አንዷ ሴት ፀጉር ውስጥ እየተንሸራሸርኩ ይሆናል ትል ነበር፣ እየሳቀች። እኔን እያየች ትስቃለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያ ሳቅ ለምን እንደማያልቅባት አልገባኝም።

ጁላይ 10፣ እሑድ
ዶና ግራሲንዳ ተመለሰች። አዴሊያ ናት ያመጣቻት። ተቧድነውብኛል። ከበሩ ወጣ ብለን ቁጭ አልን። ሴትዮዋ ፊልም እንዴት እንደሚሞት ነገረችን። ሙቀትና እርጥበት ነው ጠላቱ። መጀመሪያ ይሸታል፣ ቀጥሎ እንደ ማር ይላላል፣ መጨረሻ ዱቄት ይሆናል። ክብሪትም ይፈራል አለች፣ ፒፓዬን እያየች።

በዘዴ ጠየቅኳት። አንድ ሰው ጨው ውስጥ ቢያስቀምጠውስ?

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። 

«ማነው ያስቀመጠው?» አለች ግራሲንዳ።

«ቢያስቀምጠው አልኩ እንጂ።»

«ጋሼ ዜፈሪኖ፣ እሱን እርስዎ ይንገሩኝ። ጨው እርጥበት አይስብም?»

ጨው ለእኔ ልታስተምር። አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ጨው ውስጥ የገባሁ ሰው ነኝ። ጨው ያደርቃል አልኳት። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ፣ ያደርቃል። አንገቷን ነቀነቀች፣ ለሽማግሌ እንደሚነቀነቀው።

ሲሄዱ አዴሊያ ወደ ኋላ ቀረች። አባዬ፣ አሁንም የምትነግረኝ ነገር የለም አለችኝ። የለም አልኳት።

ጁላይ 12
ጨዉ አልቦታል። ዝናብ አልመጣም፤ ጉም ብቻ። አልቆፈርኩም።

ጁላይ 17
አልቆፈርኩም። ጨው ያደርቃል።

ጁላይ 18
ታዲያ ላቡ ከየት ነው የሚመጣው?

ጁላይ 23
እንቅልፍ የለም። ሙቀት። ሥራ ብዙ ነው፣ አካፋ ለመያዝ ጊዜ የለኝም።

ጁላይ 29
ቆፈርኩ።

ጨዉ ደንጊያ ሆኗል፤ በመጥረቢያ ነው የሰበርኩት። ቆርቆሮዎቹ ዝገዋል፣ እንደ ደረቀ ቅጠል በእጄ ውስጥ ፈረሱ። ሽታው ጎተራውን ሞላው፣ እንደ ሰነበተ ካልሲ። የመጀመሪያው ጥቅልል አንድ ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ጣቴ ላይ ተጣበቀ፣ ቡናማ ማር። ሦስተኛውም። አራተኛውም። አምስተኛው ዱቄት። ወደ ፀሐይ አወጣኋቸው፤ አንድ ጣት የምታህል ቁራጭ ብቻ ደህና ነበረች። ዓይኔን አጥብቤ አየኋት። የኪንቴላ ነጭ ጫማ ነው።

ከዚያ ሁሉ የተረፈው ጫማው።

ያለቀሰ የለም። ጨው ዓይን ውስጥ ሲገባ ዓይን ያነባል፣ ይህን የኩሬ ሰው ያውቃል።

ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። የቀበርኩት ስድስት ነበር። እስከ ወለሉ ቆፈርኩ። ስድስተኛው የለም።

ጁላይ 31፣ እሑድ
ካዚሚሮ ነው። ሌላ ማን ጎተራዬ ይገባል? ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቄ፣ ሌባ አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። ሰው አላሰማም፣ ያን ያህል ጨዋነት አለው።

«በ1941 ዐውሎ ነፋሱ የጎተራህን ጣሪያ ሲወስድ እግርህ ተሰብሮ ተኝተህ ነበር» አለኝ። «ጣሪያውን የመለስነው፣ ጨዉን የጠረግነው እኔና ሚስትህ ነን። ያን ጊዜ ከአንተ ጎተራ የወሰድኩት ነገር ቢኖር ቤልሚራ የሰጠችኝን ምሳ ነው። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ዜፈሪኖ። አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል።»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ሃምሳ ዓመት ጎን ለጎን ጨው ስንፍቅ ጀርባውን ሰጥቶኝ አያውቅም።

ቤልሚራ ጨዉን ጠርጋ ነበር። ጥጉንም? አላስበውም።

ኦገስት 3
ካዚሚሮ ሰላም አላለኝም። ሁለት ጊዜ ሳልኩ። አልዞረም።

ኦገስት 8
ጨዉ ዘንድሮ ጥሩ ነው። የሚያይልኝ የለም። ቤልሚራ ቆንጠር አድርጋ ምላሷ ላይ ታስቀምጥና፣ የማክሰኞ ጨው ነው ትል ነበር፣ ዕለቱ ሐሙስም ቢሆን። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ብዙ ነገር አልጠየቅኳትም።

ኦገስት 15፣ የእመቤታችን በዓል
ለቤልሚራ ስድስት ወር ቅዳሴ አስቀደስን። ከዚያ አዴሊያ ቤት ምሳ በላን። ዳቦ ስትቆርስ እጇን አየሁት፤ የእናቷ እጅ ነው። አምስቱ ጥቅልል በጆንያ ውስጥ ነበሩ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ። ምን እንደሆኑ አልጠየቀችኝም።

ነገርኳት። እንዴት እንደጀመርኩ አላውቅም። ሴኞር ቶርካቶን፣ ጀልባውን፣ ማበጠሪያውን፣ የጎተራውን እናት። እናትሽ ለአንቺ እንዲቆይ ብላ ልካኝ ነበር፣ እኔ ከሁለታችሁም ደበቅኩት፣ ደብቄም ገደልኩት አልኳት። ድምፄ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ማንም ዝቅ አድርገው ሳይለኝ።

አዴሊያ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ለማልቀስ መሰለኝ። ስትመለስ አንድ የብስኩት ጣሳ ይዛለች። በፍላኔል ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ደረቅ። ውስጡ ስድስተኛው ጥቅልል።

ሊሞቱ ሳምንት ሲቀራቸው ሰጡኝ አለች። እናቷን አንቱ ትላት ነበር፤ እኔን አንተ። ከዐውሎ ነፋሱ ዓመት ጀምሮ በልብስ ሣጥናቸው ከአንሶላዎቹ ስር ነበር። ሁሉንም ብወስድ አባትሽ ያውቃል፣ ከታወቀበት ደግሞ ያፍራል፣ ስለዚህ አንዷን ብቻ በመስኮት ብርሃን እያየሁ መረጥኩ አሉኝ አለች።

«ታዲያ ስንቴ ስትመላለሺ ለምን አልሰጠሽኝም?»

«ራሱ እውነቱን ሲነግርሽ ስጪው አሉኝ፣ አባዬ። ካልነገረሽ ሲሞት ከእሱ ጋር ቅበሪው፣ አልቀየመውም በይው አሉ። ስንት ጊዜ ጠየቅኩህ?»

እዚህ ያልጻፍኳቸውን ጨምሮ አምስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ቆጥሬያለሁ። እኔ ስለ ጉልበቴ መልሼላታለሁ።

ኦገስት 21፣ እሑድ
ዶና ግራሲንዳ ጥቅልሉን ወሰደች። እንደ ጨቅላ ነው የታቀፈችው። ወደማይቀጣጠል አዲስ ፊልም እንገለብጠዋለን፣ ቅጂውን ይዤ እመጣለሁ አለች። በጆንያው ያሉትንም ወሰደች፣ ምናልባት ብላ። ዓይኗ ግን ምናልባት አላለም። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 4፣ እሑድ
ነፋሱ ዞሯል። ጨዉን ማስገባት ጀምረናል። ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። አሁን የሚያነበው ስለሌለ ልጻፈው።

የመጨረሻው ቀን ያነሱት መሳሙን ነበር። ባሕር የሄደው ሰው ተመልሶ ጨው ክምር ላይ ያገኛታል። እኔ ከኩሬው ማዶ፣ ሃያ እርምጃ ራቅ ብዬ ሳንቃውን ይዣለሁ። ነጩ ጫማ ወደ እግሯ ሲጠጋ አየሁ። ያኔ ሳንቃውን ከፍ አደረግኩት። አውቄ። የኦገስትን ፀሐይ እንዳለ ዓይኗ ውስጥ ጨመርኩባት። ላበላሽባቸው ነበር። ነፋሱ ከእኔ ወደነሱ ይነፍስ ነበር፣ የካሜራው ማሽን ይንገጫገጫል፣ የሚሉትን አልሰማሁም። ዳይሬክተሩ ግን አላቆመም። ጩኸቱን ብቻ ሰማሁ፤ አለቀሰች፣ እውነተኛ እንባ፣ እንዲህ ያለ ተዋናይ ፖርቶ የላትም እያለ።

ፊልሙን ያዩ ሁሉ የሚያወሩት ስለዚያ እንባ ነው። ለእሱ ያነባችው እንባ ይሉታል። እኔ ያደረግኩትን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሷም። ግን እርግጠኛ አልነበርኩም። ከእኔ ፀሐይ ይሆን የመጣው፣ ወይስ ከእሱ? አርባ ሦስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ስተኛ አልጠየቅኳትም። የደበቅኩት ለአዴሊያ ብዬ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ይቆይ፣ አልሰርዘውም።

ያቺ ጥቅልል የመጨረሻዋ ናት። ያላየኋት።

ሴፕቴምበር 18
ካዚሚሮ ቤት ሄድኩ። ጥፋተኛ ነኝ አልኩት። አዎ ነህ አለ። አረቄ ቀዳልኝ። ለምን እንደመጣህ አላውቅም፣ ግን አንተን ሳይሰድቡ ጨው መፋቅ ሥራ አይደለም አለኝ።

ኦክቶበር 2
የመጨረሻው ጨው ገባ። የጎተራውን እናት በአዲስ ጨው ሠራኋት። ወገቤ የለም።

ኦክቶበር 16፣ እሑድ፣ ዝናብ
በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አሳዩን። ዶና ግራሲንዳ የማሳያ ማሽኑን ራሷ ተከለች። ከጆንያው ከዚያች ቁራጭ በቀር ምንም አልተረፈም፤ ያለው የእኛው ጥቅልል ነው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ካዚሚሮ ንጹሕ ባርኔጣ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ዘንድሮ እንዳትወጣ፣ እግርህን እይዛለሁ አለኝ። አዴሊያ በሌላ ጎኔ።

መጀመሪያ ኩሬዎቹ መጡ። የኔ ኩሬዎች ናቸው። ከዚያ ቤልሚራ ቅርጫቱን ተሸክማ በእንጨት ድልድዩ ላይ። አዴሊያ ክንዴን ጨበጠችው። እኔን ትመስላለች አለች፣ እንደ ሕፃን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እንዲህ ቀጭን እንደነበረች ረስቼው ነበር። ሌላው ሁሉ በኋላ በመጡት ዓመታት ተሸፍኖብኛል።

ከዚያ ክምሩ። ነጩ ጫማ። ፂሙ። እጇን ያዘ።

ከዚያ ብርሃኑ። በአንዴ ፊቷን ሞላው፣ ነጭ አደረገው። ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል። እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው። ያ ሰው ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። እሷ ግን እሱን አላየችም። ፊቷን ከእሱ አዙራ በቀጥታ ወደ ብርሃኑ አየች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ አንድ ጥርሷ እስኪታይ ሳቅ እየያዛት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ወዲያው ጽሑፍ መጣ፦ «ልቤ እስከ ዘላለም ያንተ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት አፍንጫዋን ጠረገች።

እንዲያ አላለችም። ያንን የከንፈር እንቅስቃሴ አርባ ሦስት ዓመት በየቀኑ አይቼዋለሁ፣ ገበታ ላይ፣ ጀልባ ላይ፣ አልጋ ላይ። ለአዴሊያ በጆሮዋ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተቀየረ።

ካዚሚሮ ምን አለችው አለ። አንተ አታውቀውም አልኩት።

ዶና ግራሲንዳን ድጋሚ አሳዪን አልኳት። ጥቅልሉን ወደ ኋላ አጠነጠነችው። መብራቱ ጠፋ። ኩሬዎቹ፣ ድልድዩ፣ ክምሩ፣ ብርሃኑ። ቤልሚራ ወደ እኔ ዞረችና፣ ዝቅ አድርገው፣ አንተ ግትር አለችኝ።

ሳንቃውን እንደያዙ ያህል ከጉልበቴ ተነስተው የነበሩት ሁለት እጆቼ ራሳቸው ዝቅ አሉ።